ሜዳ ላይ የቆመ ብረት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በመካነ ሰላምና በቦረና፣ በወግዲና በከላላ፣ በአማራ ሳይንትና በመሐል ሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በተንታና በመቅደላ ለምትገኙ ሁሉ ይህን ትምህርታዊ ዝግጅት አቅርበናል።

ዛሬ የምንነጋገረው ከብረት ተሠርቶ ደጅ ስለሚቆም ረቂቅ ቅርፃ ቅርፅ ነው። ረቂቅ፣ ወይም ብዙዎች እንደሚሉት አብስትራክት ስንል፣ የሰው፣ የእንስሳ ወይም የሌላ የምናውቀው ነገር ምስል ያልሆነውን ማለታችን ነው። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ሐውልት ብታዩ ምን እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ። ሦስት የብረት ሳጥኖች ጠርዝ ለጠርዝ ተበይደው ሣር ላይ ቆመው ብታዩ ግን «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለታችሁ አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዝግጅታችንም የሚመልሰው እሱን ነው። ዋናውን ሐሳብ ግን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ይህን ጥበብ የሚያይ ዓይን እኛ ዘንድ ድሮም አለ። የጎደለን ለብረት ሠሪው የሚሰጠው ክብርና ሥራው የሚቆምበት ቦታ ነው። እንዴት? አብረን እንየው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከቅርባችን እንጀምር። መቅደላ አምባ ላይ አንድ ትልቅ መድፍ አለ፤ ስሙ ሴባስቶፖል ነው። ስሙ የመጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የወደብ ከተማ ነው። መድፉን ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ የተሠራው ደግሞ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት። ጋፋት ላይ የነበሩት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ወንጌል ለመስበክና የእጅ ሙያ ለማስተማር የመጡ እንጂ መድፍ ሠርተው የሚያውቁ አልነበሩም። ንጉሡ ግን አዘዙ። ምድጃ ተሠራ፣ ነሐስ ቀለጠ፣ ሙከራው ከሸፈ፣ ተደገመ፣ በመጨረሻም ተሳካ። አውሮፓውያኑ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሙያውን እንዲማሩ የተሰጧቸው ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም አብረዋቸው ነበሩ።

ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን ይዞ ከደብረ ታቦር መቅደላ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ታውቁታላችሁና። መንገድ አልነበረም። ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ ተሠራ፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ እንደነበር ያዩዋቸው ጽፈዋል። ጉዞው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ተጀምሮ በመጋቢት አለቀ፤ ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ወሰደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን፣ አሮጌ ላይ ጦርነት ተደረገ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱን፣ መስቀሉን፣ ዘውዱንና ታቦቱን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ሄደ። ሴባስቶፖል ግን አምባው ላይ ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላስተካክል። አንደኛ፣ ሴባስቶፖል የተሠራው ለጦርነት ነው፤ ጥበብ ይሁን ብሎ የቀረጸው የለም። ሁለተኛ፣ ነሐስ ነው፤ አረብ ብረት አይደለም። ታዲያ ለምን አነሣሁት? ዛሬ ባሩድም ጥይትም የለውም፤ አይተኩስም። አገልግሎቱ ሲያበቃ የቀረው ቅርፁ ነው። ወፍራም ግድግዳው፣ ሰፊ አፉ፣ ክብ ሆዱ፣ ዙሪያው ያለው ሣርና ከበላዩ ያለው ሰማይ። አንድም የሰው ምስል የለበትም፤ ሆኖም ፊቱ የቆመ ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም። ምስል ሳይሆን የሚናገር ብረት ማለት ይህ ነው።

አንድ ስሌት ልስጣችሁ። 7 ቶን ነሐስ ወርዱም፣ ቁመቱም፣ ርዝመቱም አንድ አንድ ሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ ቢፈስ ሳጥኑን አይሞላውም። ይህን ያህል ትንሽ ቦታ ውስጥ ያን ያህል ክብደት ታምቋል። ዓይን ይህን ይሰማዋል፤ ሳይነካው ከባድ መሆኑን ያውቃል። ቀራፂዎች ግዝፈት የሚሉት ይህን ነው።

ሌላም ትምህርት አለው። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል። ቅርፁ ያው ነው። እዚያ ግን ዙሪያውን መኪና ይዞረዋል፣ ሕንፃ ይከበዋል፤ የአገር ምልክት ሆኖ ይታያል። መቅደላ ላይ ያለውን ለማየት አቀበቱን መውጣት ግድ ነው። የወጣችሁበት ድካም፣ የጎተቱትን ሰዎች ድካም ይነግራችኋል። አንድ ቅርፅ በሁለት ቦታ ሁለት ነገር ይናገራል። ስለዚህ ደጅ የሚቆም ቅርፃ ቅርፅ ግማሹ ሥራ ቦታው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ማየት እንለፍ። ረቂቅ ቅርፃ ቅርፅ ፊት ስትቆሙ «ምን ይመስላል?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉትና አራት ነገሮችን ፈልጉ።

የመጀመሪያው ግዝፈቱ ነው፤ እሱን በሴባስቶፖል አየን። ክብደቱ የት አረፈ? ወደ መሬት ይጫናል ወይስ ወደ ላይ ይነሣል? ሊወድቅ የመሰለው ለምን አልወደቀም?

ሁለተኛው ክፍት ቦታው ነው። የቤተ ክርስቲያን የእጅ መስቀል ወይም የመጾር መስቀል አስቡ። ሠሪው ቅርፁን በሰም አበጅቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ አስወጥቶ በቦታው ነሐስ ያፈስሳል። በመስቀሉ ላይ ብረቱ ብቻውን ጌጥ አልሆነም፤ በብረቱ መካከል ያለው ቀዳዳም ጌጥ ነው። ካህኑ ከፍ ሲያደርገው ሰማዩ በቀዳዳው ይታያል። ዛሬ በዓለም የታወቁ የብረት ቀራፂዎች የደከሙበት ነገር ይኸው ነው፤ ብረቱ አየሩን እንዴት ይከፍለዋል የሚለው።

ሦስተኛው መስመሩ ነው። ለዚህ ቤታችሁ ያለ ማስተማሪያ አለ፤ ማረሻ። ዛሬ ማታ ማረሻውን ከድግሩና ከሞፈሩ ለይታችሁ አንሡት። ግድግዳ አጠገብ ያዙትና በኩራዝ ወይም በባትሪ አብሩበት። ጥላውን እዩ። ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ከኋላው ሰፍቶ ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄደውን መስመር ተከተሉ። ይህን መስመር ያወጣው የቀጥቃጩ መዶሻ ነው፤ ያረመው ደግሞ አፈሩ ነው። ልጆች ካሉ ጥላውን በከሰል ግድግዳ ላይ ይሳሉት፤ ሦስት አራት ጊዜ አዙረው ሦስት አራት ጥላ ይሳሉ። አንድ ዕቃ ስንት መልክ እንዳለው ያኔ ይገባቸዋል።

አራተኛው ብርሃኑ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሥዕል ብርሃኑ ብዙም አይቀየርም። ደጅ ያለ ብረት ግን በማለዳ፣ በቀትርና በአመሻሽ አንድ አይደለም። በክረምት ጉም ውስጥ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ በጥቅምት ፀሐይ ያብረቀርቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አይታችሁ አትፍረዱ። ዙሩት፣ ራቁት፣ ቅረቡት፣ በሌላ ሰዓት ተመለሱበት።

ተፈጥሮም ዓይንን ታሠለጥናለች። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ደንቆሮ ጫካ በሚባለው ደጋ የወጣ ሰው ጅብራን ያውቃታል። ግንዷ ብቻውን ቀጥ ብሎ፣ ቅጠሏ አናቷ ላይ ተሰብስቦ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ከሩቅ ትታያለች። የምትታየው ዙሪያዋ ባዶ ስለሆነ ነው። ቀራፂም ሥራውን የት እንደሚያቆም ሲመርጥ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አረብ ብረት እንዴት የቀራፂ መሣሪያ ሆነ? ለብዙ ዘመን ቅርፃ ቅርፅ የሚሠራው ድንጋይና እንጨት በመፈልፈል ወይም ነሐስ በማፍሰስ ነበር። ነገሩን የለወጠው ብየዳ ነው። ብየዳ ለብረት እንደ ስፌት ነው፤ ቁርጥራጩን እያያያዘ ትልቁን ያወጣል።

ሁሊዮ ጎንዛሌዝ የሚባል የስፔን ሰው ነበር፤ ባርሴሎና ውስጥ ከብረት ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ በሬኖ የመኪና ፋብሪካ ሲሠራ የጋዝ ብየዳ ተማረ። ከአሥር ዓመት በኋላ ታዋቂው ሠዓሊ ፒካሶ ከብረት ቅርፅ ለመሥራት ሲያስብ የፈለገው እሱን ነው። ልብ በሉ፤ ሠዓሊው አሳቡን ይዞ ወደ በያጁ ሄደ። ሙያው ያለው በያጁ ዘንድ ነበርና።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ በመጽሔት ፎቶግራፍ ያየ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ደግሞ ዴቪድ ስሚዝ ይባላል። በተማሪነቱ ስቱድቤከር በሚባለው የመኪና ፋብሪካ ሠርቷል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የባቡርና የታንክ ፋብሪካ በያጅ ነበር። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ቦልተን ላንዲንግ በተባለ ተራራማ የገጠር ቦታ ቤት ሠርቶ፣ ሥራዎቹን ቤቱ ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ደረደራቸው። ዝናብ ዘነበባቸው፣ በረዶ ወረደባቸው፣ እሱም በመስኮት እያየ ሌላ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1962 ጣሊያን አገር ተጋብዞ ሄዶ፣ ሥራ ባቆመ ፋብሪካ ውስጥ ባገኘው ውዳቂ ብረትና አሮጌ መሣሪያ በ30 ቀን ውስጥ 27 ቅርፆች ሠርቷል። በመጨረሻ ዘመኑ የማይዝግ ብረት ሳጥኖችን እየደራረበ ሠራ፤ ላያቸውንም በማሽን ፈገፈገው። የተፈገፈገው ላዩ የሰማዩን ቀለም ይቀበላል፤ ሰማዩ ሲጠቁር ይጠቁራል፣ ወርቅ ሲመስል ወርቅ ይመስላል። ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1965 በመኪና አደጋ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ 13 ሥራዎቹን ስቶርም ኪንግ የተባለ የቅርፃ ቅርፅ ሜዳ ገዛቸው፤ ቦታው ዛሬ በዓለም ከታወቁት የደጅ ቅርፃ ቅርፅ ሥፍራዎች አንዱ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የሠራው ሞሪስ ካልካ የተባለ የፈረንሳይ ቀራፂ ነው፤ የተሠራውም ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት፣ በ1948 ዓ.ም. ነው። ፀጉሩን፣ ጡንቻውን፣ ጥፍሩን አትፈልጉ፤ ጥቂት ትላልቅ ገጾችና መስመሮች ብቻ ናቸው። ባቡር ጣቢያው ፊት ካለው፣ እውነተኛ አንበሳ ከሚመስለው ጋር ብታስተያዩት፣ ከምስል ወደ ረቂቅ ቅርፅ ያለው መንገድ ይታያችኋል።

ከአገር ውጭ ደግሞ የላቀ ምሳሌ አለን። ዋሽንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የውጭ ግድግዳ ላይ ወደ 16 ሜትር የሚረዝም የአሉሚኒየም ሥራ ተሰቅሏል። የሠሩት እስክንድር ቦጎሲያንና ከበደች ተክለአብ ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2001። እስክንድር አዲስ አበባ ተወልዶ ለንደንና ፓሪስ የተማረ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ሠዓሊ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የቤት ዕቃ፣ የጥልፍና የክታብ መስመር እየተቆራረጠ፣ እየተጠላለፈ ወደ ንጹሕ ቅርፅ ይለወጣል። ፀሐይ ስትዞር ጥላው ግራናይቱ ላይ ይንቀሳቀሳል። ዝናብ የሚዘንብበት፣ ደጅ የቆመ፣ ከብረታ ብረት የተሠራ፣ ኢትዮጵያዊ የሆነ ረቂቅ ጥበብ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥም ሙከራው አለ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወጣት አርቲስቶች ተሰባስበው ፈረንሳይ በሚባለው አካባቢ ባለ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነፃ አርት ቪሌጅ የተባለ የጥበብ መንደር አቋቁመው ነበር። ከመካከላቸው ተስፋሁን ክብሩ ከተጣለ ዕቃ ቅርፅ በመሥራት ይታወቃል። ሰው ለመናፈስ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ከተጣለ ነገር የተሠራ ጥበብ ያገኝ ነበር። መካኒሳ የሚገኘው ዞማ ሙዚየም ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ፤ አርቲስት ኤልያስ ስሜና ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ከጭቃና ከጭድ ገንብተውት፣ አትክልቱና ጥበቡ አብረው የሚኖሩበት ቦታ ነው። ኤልያስ ከተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃና ሽቦ የሚሠራቸው ሰፋፊ ሥራዎች በዓለም ሙዚየሞች ይታያሉ። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ገበያ የሄደ ሰው የተጣለ ዕቃ ለምን ጥበብ እንደሚሆን ይገባዋል፤ እዚያ አሮጌ በርሜል ምድጃ ሲሆን ይታያል። ብረት እኛ ዘንድ ሞቶ አያውቅም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ይዘን ለምን በየከተማችን የብረት ቅርፃ ቅርፅ ሥፍራ የለንም? አንዱን ምክንያት በግልጽ መናገር አለብን። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሰጠንን ቀጥቃጭ ለብዙ ዘመን ሰደብነው። በወናፉ ፍሙን ሲያግል፣ በመስፉ ላይ ብረቱን ሲያቀና ጎበዝ አልነው፤ ሥራው ሲያልቅ ግን ጠይብ ብለን፣ ቡዳ ብለን ከማዕዳችን አራቅነው፤ ልጃችንን ከልጁ ጋር አናጋባም አልን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከአንዳንድ አፍ አልጠፋም። ሙያ በሚሰደብበት አገር ሙያተኛው ልጁን ሌላ ነገር ያስተምራል። ጥበቡም ከአባት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ ይቀራል። በሌላው ዓለም ሠዓሊው በያጁን ፈልጎ ሲሄድ፣ እኛ በያጁን ከደጅ አቆምነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ማሠልጠኛ ወይም አንድ ማኅበር ግቢው ውስጥ የብረት ቅርፅ ማቆም ቢፈልግ፣ በእኛ ደጋ ምን ማወቅ አለበት?

መጀመሪያ ክብደቱን። ከሁሉም በኩል አንድ ሜትር የሆነ ሳጥን ከድፍን አረብ ብረት ቢሠራ 7,850 ኪሎ ይመዝናል። ከ3 ሚሊሜትር ላሜራ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቢበየድ ግን 141 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ትልቅ የሚመስለው የብረት ቅርፅ ብዙ ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው። ቀላል ስለሆነ ደግሞ ነፋስ ይገፋዋል፤ በብሎን ከመሠረቱ ጋር መታሰር አለበት።

ሁለተኛ መሠረቱን። በጃማና በወረኢሉ ሜዳ፣ በሌሎችም ወረዳዎች ያለው ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ በቀጥታ የቆመ ነገር በጊዜ ብዛት ሊዘም ይችላል። ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ፣ በቦታው ድንጋይና ጠጠር ይግባ፣ ከዚያ ኮንክሪት ይፍሰስ፤ ውኃ የሚሄድበት ቦይም ይበጅለት።

ሦስተኛ ዝገቱን። ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ቀለሙን ከሥር እያነሣ የሚያራግፈው ለዚህ ነው። ነሐስ በአንጻሩ ላዩ አረንጓዴ ሽፋን ያወጣና ሽፋኑ የቀረውን ይጠብቀዋል፤ ሴባስቶፖል ከ150 በላይ ክረምት የቻለው አንዱም በዚህ ነው። የማይዝግ የምንለው ብረት ክሮሚየም ስላለበት ላዩን ይከላከላል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ኮርተን የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ መዳብ፣ ክሮሚየምና ሌላም ተቀላቅሎበት የመጀመሪያው ዝገቱ ጠጣር ሽፋን ሆኖ ውስጡን ይጠብቃል። ቅርፃ ቅርፅ ሠሪዎች የወደዱት የአፈር መልክ ስላለው ነው። እሱም ቢሆን እየራሰ መድረቅ አለበት፤ ውኃ የሚቋጥር ጉድጓድ ካለው ይበላል። ተራውን ላሜራ፣ ቱቦላሬና አንጎላሬ የሚጠቀም ሰው ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር አጽድቶ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ከሥር ቀብቶ፣ ከላይ የዘይት ቀለም ይደርብ። ውኃ የሚቋጠርበት ሥርጉድ አይተው፤ ካለም ከታች ይብሳው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፣ ቀለምን ያነጣል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቅርፁን መመርመርና የተላጠውን መቀባት ያስፈልጋል።

አራተኛ ሙቀትና ብርዱን። በእኛ ደጋ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ ርዝመቱ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይለዋወጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሁለት ጫፉ በኮንክሪት ከታፈነ ብየዳውን ይሰነጥቃል። አንዱ ጫፍ ትንሽ መፈናፈኛ ይኑረው።

አምስተኛ መብረቁን። ገላጣ ኮረብታ ላይ የቆመ ረጅም ብረት መብረቅ ሊመታው ይችላል። መሬት ውስጥ ከተቀበረ ማስተላለፊያ ጋር መያያዝ አለበት። ነጎድጓድ ሲኖር ሰውም ከብትም አጠገቡ አይጠለል፤ ይህን ለልጆች ደጋግማችሁ ንገሩ።

ስድስተኛ የሰውን ደህንነት። ስለታም ጠርዝ በሞረድ ይጥፋ፤ ልጆች መውጣታቸው፣ ከብት መታከኩ አይቀርምና። የነዳጅ ወይም የኬሚካል በርሜል ፈጽሞ አትበይዱ፤ ቢታጠብም ሊፈነዳ ይችላል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ያማል፤ ገላጣ ቦታ ሥሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ስሙኝ፦ ጦርነት ባለፈበት አካባቢ የተገኘ የማታውቁት ብረት፣ ጥይት፣ የመድፍ ቀለህ ወይም የፈንጂ አካል አትንኩ፤ ለቁራሌውም አትሽጡ። ባለበት ትታችሁ ለሚመለከተው አካል አስታውቁ። ጥበብ በሕይወት አይገዛም።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

የመጨረሻው ነገር ቦታ መምረጥ ነው። ስለ ቦታ ያልነውን አስታውሱ። ቅርፅ በዕቃ የተጨናነቀ ግቢ መካከል ከቆመ ይጠፋል። ዙሪያው ቢያንስ የቁመቱን ሁለት ሦስት እጥፍ ገላጣ ይሁን፤ ሰው ሊዞረው፣ ርቆም ሊያየው ይገባል። ከኋላው ምን ይታያል? ሰማይ ከሆነ መስመሩ ይጎላል፤ ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ ከሆነ ጥቁር ብረት ይደበቃል፣ ቀለም ያለው ይወጣል። ፀሐይ ከየት ትወጣለች? ጠዋት ተማሪው ሲገባ ጥላው በየት በኩል ይወድቃል? ይህን ለማወቅ ብረት ከመበየዳችሁ በፊት ከእንጨትና ከካርቶን አምሳያ ሠርታችሁ ቦታው ላይ አቁሙና ጠዋትና ማታ እዩት። ካርቶን መቁረጥ ብረት ከመቁረጥ ይረክሳል።

የቅርስ ነገርም አለ። ውዳቂ ብረት ሁሉ ውዳቂ አይደለም። አሮጌ መስቀል፣ ጸናጽል፣ ቃጭል፣ የአባቶች ጦርና ጋሻ፣ የጥንት መድፍ ቅርስ ነው። እሱ ይጠበቃል እንጂ አይቆረጥም፣ አይበየድም። ለሥራ የሚሆነው የተሰበረ ማረሻ፣ ያለቀ የመኪና ጥርስና ስፕሪንግ፣ የተረፈ ፌሮ፣ የተጣመመ ላሜራ ነው፤ ያ በየጋራዡና በየብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ሞልቷል።

አድማጮቻችን፣ እንግዲህ ጥሪያችን ይህ ነው። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ብየዳ የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ በርና መስኮት ከመሥራት ባሻገር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከቁርጥራጭ፣ ምንም የማይመስል ግን ሚዛኑን የጠበቀ አንድ ቅርፅ ይሥሩ፤ ብየዳውንም ማመዛዘኑንም አብረው ይማሩበታል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ፣ የመካነ ሰላም ካምፓሳችሁ ገላጣ ሜዳ ለዚህ የሚሆን ቦታ ነው፤ የአካባቢውን ቀጥቃጮችና በያጆች ጋብዙ፣ ከተማሪው ጋር ይሥሩ። ሥራው ሲቆም የሠሪው ስም ከሥሩ ይጻፍ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ብረት መቀጥቀጥ ቢወድ አትከልክሉት። ቀጥቃጭን በሙያው የሚሰድብ ሰው ፊታችሁ ቢናገር ዝም አትበሉ፤ ማረሻ የሌለው ቤት እንጀራ እንደሌለው አስታውሱት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)